ሕፃናትን ለሕክምና ስለ ማዘጋጀትና የእጅ ስልክ ስለሚሰጠው እርዳታ



በጉለሌ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ተቋቁሞ፣ በ2000 ዓ.ም. የሕክምና ትምህርት ቤት ተከፍቶበታል። በእንዲህ ያለ ሆስፒታል ተራውን የሚጠብቅ ሕፃን ስለ መርፌ የሚሰማው አስቀድሞ በቤቱ ነው። ባለቀሰ ቁጥር «ዝም በል፤ ሐኪም ይወጋሃል» ሲባል ያደገው ልጅ፣ በቀጠሮው ቀን «ከረሜላ ልንገዛ ነው» ተብሎ ከቤት ይወጣል። ነጭ ጋወን ባየ ጊዜ ዛቻው እውነት፣ ተስፋው ሐሰት ሆኖ ያገኘዋል። አራት ሰው ይዞት ሲወጋ የሚጮኸው ብዙ ጊዜ ስላመመው ብቻ ሳይሆን ስለ ተታለለም ነው።

ይህን ለማቃለል በውጭ አገር የእጅ ስልክ መተግበሪያዎች ተሠርተዋል። በሜልበርን የሚገኘው ሮያል የሕፃናት ሆስፒታል «ኦኪ» የተባለውን አዘጋጅቶ፣ ልጆች ስለ ራጅና ስለ ኤም አር አይ በጨዋታ እንዲማሩ አድርጓል። የኤም አር አይን ኃይለኛ ድምፅ አስቀድሞ የለመደ ልጅ ሳይንቀሳቀስ ተኝቶ ያለ ማደንዘዣ ሊመረመር ይችላል፤ ይህም ቀላል ትርፍ አይደለም።

ይሁን እንጂ መተግበሪያውን እንዳለ ማምጣት አይበቃም። በስልክ ላይ ባለ ቀለም ግድግዳና ሰፊ ክፍል አይቶ፣ ሲመጣ በተጨናነቀ መተላለፊያ የሚቀመጥ ልጅ ዳግመኛ ተታሏል፤ ሌላ ከረሜላ ነው። የሚያስፈልገው በዚያው ሆስፒታል ክፍሎች የተነሣ ሥዕል፣ በአማርኛና በኦሮምኛ የሚናገር ድምፅ፣ ያለ ኢንተርኔት በእናት ስልክ የሚሠራ ነገር ነው። የአገራችን ልጆች ከአሻንጉሊቷ ቀጭኔ ከፀሐይ በቴሌቪዥን ትምህርት መቅሰም ከጀመሩ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ብዙ ዓመት ሆኗል።

ትልቁ ጥቅም ምናልባት ለእናቲቱ ነው። ከማደንዘዣ በፊት ልጁ ለ6 ሰዓት ምግብ፣ ለ2 ሰዓት ውኃ እንዳይቀምስ ይታዘዛል። «አታብዪው» ብቻ የተባለች እናት ግን አንጀቷ አልችል ሲል ቁራሽ ዳቦ ታጎርሰዋለች፤ ቀዶ ሕክምናው ይሰረዛል፤ ከሩቅ አገር የመጣ ቤተ ሰብ ሌላ ቀጠሮ ይዞ ይመለሳል። በሰመመን ውስጥ ምግቡ ወደ ሳንባ ሊገባ እንደሚችል በሥዕል ብታይ፣ ሰዓቱንም ስልኩ ቢያስታውሳት፣ ለትእዛዙ ምክንያት ይኖራታል።

ለልጁም «አያምምህም» ሊባል አይገባም። «ጥቂት ያምምሃል፤ ቶሎ ያልፋል፤ እናትህ አጠገብህ ናት» ይባል። ስልኩ ይህን የመጨረሻውን ቃል ከመናገሩ በፊት ግን፣ እናቲቱ ልጁ እስኪያንቀላፋ ድረስ አብራው ትገባ እንደ ሆነ የቀዶ ሕክምና ክፍሉ መወሰን ይኖርበታል።