ከአንዱ ነው ወይስ ከሁለቱም?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ደም ግፊት ነው። እዚህ አል ገራፋ አንዲት እህታችንን ሳስታምም ሐኪሟ ያስረዳንን ልንገራችሁ።

ሦስት ዓይነት ኪኒን እየዋጠች ግፊቷ አልወርድ አለ። እግሯ ይዝላል፤ ደሟ ሲመረመር ፖታሲየም አንሷል። ሰው ሁሉ «የሥራ ጭንቀት ነው» ይላት ነበር። ለካ ከኩላሊት በላይ ካሉት ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አልዶስቴሮን የሚባል ሆርሞን እየበዛ ኖሯል። እሱ ሲበዛ ሰውነት ጨው ይይዛል፣ ፖታሲየም ያስወጣል፣ ግፊትም ይጨምራል። ሐኪሞች በሽታውን በ1955 እ.ኤ.አ. በጻፈበት በአሜሪካዊው ዶክተር ኮን ስም ይጠሩታል።

ዋናው ነገር ግን የሚያበዛው የትኛው ዕጢ ነው የሚለው ነው። አንዱ ብቻ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ሁለቱም ከሆኑ እንደ ስፒሮኖላክቶን ባለ ኪኒን ይታከማል። ሲቲ ስካን በግራዋ በኩል እብጠት አሳየ። ግን ምንም ሆርሞን የማያመነጭ እብጠትም አለ እኮ! ስለዚህ በብሽሽቷ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ከሁለቱም ዕጢዎች ደም ሥር ደም ቀዱ። ከሁለቱም ሆኖ ተገኘ፤ በከንቱ ከመቀደድ ተረፈች።

እናንተም ግፊታችሁ በሦስት መድኃኒት ካልወረደ «አልዶስቴሮኔ ይለካልኝ» በሉ። መድኃኒት ግን በራሳችሁ አታቁሙ። ማዳም «ፓናዶል ዋጪ» ብላ ብታልፋችሁ፣ የኳታር የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 15/2017 ሥራ ላይ ሳለን ስንታመም አሠሪ እንዲያሳክመን ያዛል። ዓረብኛ የሚችል ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ እኛም አለን።