ስም የሌለው ፍጡር
የ«ፍራንከንስታይን» አመጣጥና በየዘመኑ የደረሰበት ለውጥ



አንድ ድርሰት ከመጽሐፍ ወደ መድረክ፣ ከመድረክም ወደ ሲኒማ በተሻገረ ቁጥር የሚያተርፈውም የሚያጎድለውም ነገር አለ። ለዚህ ምስክር ከሚሆኑት ሥራዎች አንዱ «ፍራንከንስታይን» የተባለው አስፈሪ ታሪክ ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1815 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ የታምቦራ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የወጣው አመድና ጋዝ የፀሐይን ሙቀት ጋረደ። በዚህም ምክንያት በ1816 ዓ.ም. በኤውሮፓ ፀሐይ የሚጠበቅባቸው የሰኔና የሐምሌ ወራት በብርድና በዝናብ አለፉ። በዚያን ጊዜ በስዊስ አገር በጄኔቭ ሐይቅ ዳር የሰነበቱት ባለቅኔዎቹ ባይረንና ሼሊ፣ ሐኪሙ ፖሊዶሪ፣ እንዲሁም የ18 ዓመቷ ሜሪ ጎድዊን ከቤት መውጣት ተስኗቸው ነበርና፣ ባይረን እያንዳንዱ አንድ የሚያስፈራ ታሪክ ይጻፍ ሲል ሐሳብ አቀረበ። በኋላ ሜሪ ሼሊ የተባለችው ወጣት የጀመረችው ታሪክ የደራሲዋ ስም ሳይጠቀስበት በጥር ወር 1818 ዓ.ም. በ500 ቅጂ ታተመ።

የታሪኩ ሥር ግን ከጨዋታው ይልቅ የጠለቀ ነው። የሜሪ እናት እርሷን በወለደች በጥቂት ቀን ውስጥ ሞታለች፤ ሜሪ ራሷም በ1815 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሕፃኗን ቀብራለች። በዘመኑም ኢጣልያዊው ሊቅ ጋልቫኒ የሞተ እንቁራሪት እግር በኤሌክትሪክ ማንቀሳቀሱ፣ ዘመዱ አልዲኒም በ1803 ዓ.ም. በለንደን በስቅላት በተቀጣ ሰው ሬሳ ላይ ያንኑ መሞከሩ ብዙ ያነጋግር ነበር።

በመጽሐፉ ውስጥ ቪክቶር ፍራንከንስታይን የሠራው ፍጡር ዓይኑን በገለጠ ጊዜ መልኩን ተጸይፎ ጥሎት ይሸሻል። ፍጡሩ በአንድ ድኃ ቤተሰብ ጎጆ አጠገብ ተደብቆ ቋንቋ ይማራል፤ የሚልተንን ቅኔ ያነባል፤ በመጨረሻም ፈጣሪውን ፊት ለፊት በጠራ አንደበት ይወቅሳል። ወደ ክፋት ያደረሰው መጣሉና መገፋቱ እንደ ሆነ የሚናገረው ራሱ ነው።

በ1823 ዓ.ም. ሪቻርድ ብሪንስሊ ፒክ ታሪኩን በለንደን መድረክ ሲያቀርበው ይህ አንደበት ተዘጋ። ፍጡሩ ድዳ ሆነ፤ በተዋንያኑ ዝርዝርም በስሙ ቦታ ሰረዝ ብቻ ተሰመረ። ደራሲዋ ትያትሩን ሄዳ ተመልክታለች፤ የስሙንም መቅረት ወድዳዋለች።

በ1910 ዓ.ም. የኤዲሰን ኩባንያ ታሪኩን ለመጀመሪያ ጊዜ በፊልም አወጣው። በዓለም ሁሉ የታወቀው መልክ ግን ጄምስ ዌል በ1931 ዓ.ም. ባዘጋጀው ፊልም፣ በጃክ ፒርስ የገጽ ቅብና በቦሪስ ካርሎፍ ትወና የተገኘ ነው። በዚህ ፊልም ፍጡሩ አይናገርም፤ ከዚህም በላይ የፍራንከንስታይን ረዳት የወንጀለኛ አንጎል አምጥቶ እንዲገጠምለት ተደረገ። ለውጡ ትንሽ ቢመስልም ፍርዱን ገለበጠው፤ በመጽሐፉ በፈጣሪው ላይ የነበረው ጥፋት በፊልሙ ወደ ፍጡሩ ሥጋ ተዛወረ።

ዌል ራሱ በ1935 ዓ.ም. በሠራው ተከታይ ፊልም ለፍጡሩ ጥቂት ቃላት መለሰለት። ጊዬርሞ ዴል ቶሮ በ2025 ዓ.ም. ባወጣው ፊልም ደግሞ ፍጡሩ የራሱን ታሪክ በራሱ አንደበት ይተርካል። እንግዲህ ከመጽሐፍ ወደ መድረክና ወደ ሲኒማ የሚያሻግር ባለሙያ ሁሉ ሊጠነቀቅለት የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ ትዕይንት ቢቀነስ ይካሣል፤ የተበደለው ሰው አንደበት ከተቀነሰ ግን የሚቀረው ሌላ ታሪክ ነው።

ሕዝቡ ፍጡሩን «ፍራንከንስታይን» ብሎ መጥራቱን ሊቃውንት እንደ ስሕተት ይቈጥሩታል። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» በሚባልበት አገር፣ ልጅም በአባቱ ስም በሚጠራበት ባህል ግን ነገሩ ሌላ ትርጉም አለው። አባት ነኝ ለማለት ያልወደደው ሰው ስሙን ለልጁ ነፈገው፤ ተመልካቹም ሳያውቀው አባትነቱን አጸናበት።