«አሸክሙኝ»፦ ከአንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ፊት



በዚህ ቅዝቃዜ ከሚኒያፖሊስም ከሴንት ፖልም መኪናችሁን አሙቃችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ማስታወቂያው ላይ «ሸክም ትናንትና ዛሬ፦ ከአሮጌ ፎቶግራፍ እስከ መጋዘን ፈረቃ» ይላል። «አሮጌ ፎቶግራፍ» የሚለው የእኔ፣ «መጋዘን» የሚለው የአዘጋጆቹ ነው። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የደከምኩት በአሮጌ ፎቶግራፎችና ግርጌያቸው ላይ በተጻፈው ነገር ነው፤ ስለዚህ መጋዘኑ ጋ ዘግይተን ብንደርስ ጥፋቱ የእኔ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ።

እስቲ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል እዩልኝ። ሁለት ሰዎች ቆመዋል። ጀርባቸው ላይ የተደራረበው ነገር ከራሳቸው በላይ ወጥቶ እንደ ግንብ ተገትሯል። ከቻይና ሲቹዋን ወደ ቲቤት የሚጓዝ፣ ተጠቅጥቆ እንደ ጡብ የተሠራ ሻይ ነው። ፎቶውን ያነሣው እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኧርነስት ሄንሪ ዊልሰን፣ ቀኑም ጁላይ 30 ቀን 1908 ነው። የተላከው በአሜሪካ ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አርኖልድ አርቦሬተም ሲሆን፣ የሄደውም ሰው ሊያይ ሳይሆን ዛፍና አበባ ሊሰበስብ ነበር።

መግለጫው እንዲህ ይነግረናል፦ የአንደኛው ሰው ሸክም 317 ፓውንድ፣ የሌላው 298 ፓውንድ። በእኛ መለኪያ አንዱ 144 ኪሎ፣ ሌላው 135 ኪሎ መሆኑ ነው። ለአንድ ኩንታል ተኩል ስድስት ኪሎ የቀረው ሰው እዩ! በክፉ መንገድ በቀን 6 ማይል ያህል ይጓዛሉ ይላል። የቦታው ከፍታም አለ፤ 5,000 ጫማ። ክብደት አለ፣ ከፍታ አለ፣ ቀን አለ፤ ስም የለም። ሻዩ እስከ ፓውንዱ ድረስ ተመዝኗል፣ ሰዎቹ ግን «ሰዎች» ናቸው።

ስለዚህ ስም አልባነት ከዚህ ቀደም ብዙ ተናግሬያለሁ፤ ሰምታችሁ የሰለቻችሁም ትኖራላችሁ። ዛሬ የያዝኩት ሌላ ጥያቄ ነው። ባለፈው ክረምት ይህን ሥዕል ለመቶኛ ጊዜ ሳየው ድንገት የመጣልኝ ነው፦ *ማን አሸከማቸው?*

አንድ ሰው 144 ኪሎ ከመሬት ብቻውን አንሥቶ ጀርባው ላይ አያደርግም። አይቻልም። አንድ ያነሣለት፣ ደግፎ ያቆመው፣ «ያዝ፣ በርታ» ያለው ሰው አለ። ያ ሰው ከሥዕሉ ውጭ ነው።

በእኛ ቋንቋ ለዚህ ሰው ቃል አለን። ተሸከመ የራሱ ነው፤ አሸከመ ግን ሌላ ሰው ይፈልጋል። ልጅ ሆኜ ከሽሮ ሜዳ በላይ በእንጦጦ ቁልቁለት ስንወርድ፣ መንገድ ዳር ገደሉን ተደግፋ የተቀመጠች ሴት እናገኛለን። የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ከኋላዋ፣ ገመዱ በደረቷ ላይ። አርፋለች፣ መነሣት ግን አትችልም። ያለፈውን ሁሉ «ወንድሜ፣ እባክህ አሸክመኝ» ትላለች። እምቢ ማለት ነውር ነበር። የቸኮለም ቢሆን፣ ነጭ የለበሰም ቢሆን ጎንበስ ብሎ ያሸክማል።

እኔ አንድ ጊዜ አሥር ዓመት ገደማ ሆኖኝ ጎበዝ ልሁን ብዬ ብቻዬን ሄድኩ። የሸክሙን አንዱን ጫፍ ብቻ ብድግ ሳደርገው ሴትዮዋ ወደ ጎን ተገለበጡ፤ እግራቸው ወደ ላይ፣ ጭራሮው ከታች። እንደ ኤሊ። ሊረግሙኝ ነው ብዬ ልሮጥ ስል፣ «ና፣ ና፣ ከመሃል ነው የሚያዘው» አሉኝና ሳቁ። ከመሃል ያዝኩ። እርሳቸው ወደ ፊት አጎነበሱ፣ እኔ ከኋላ ወደ ላይ ገፋሁ፤ ተነሡ። «እደግ» ብለውኝ ሄዱ። ስማቸውን አልጠየቅኩም። ዊልሰንን የምወቅስበት አፍ እንደሌለኝ እንግዲህ ዕወቁት።

(አዎ፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ልጥቀስ ብዬ ነበር። ነገር ግን የገንዘብ ማሰባሰቢያ በተጠራ ቁጥር ስለምትሰሙት ዛሬ ምሬያችኋለሁ።)

ነገሩ የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። አሸከመ ሁለት ፊት አለው። መንገድ ላይ ያገዘኝ ሰው አሸከመኝ እላለሁ። ዕዳ የጫነብኝን፣ የማልችለውን የሰጠኝንም ሰው አሸከመኝ እላለሁ። ረዳቱና ጫኙ በአንድ ግሥ ይጠራሉ። ቋንቋው ለይቶ መናገር አቅቶት ነው? አይመስለኝም። ከሥሩ ቆሞ ለሚያየው፣ ሁለቱም በጀርባው ላይ ነገር የሚያኖሩ ሰዎች ናቸው። ልዩነቱ አንደኛው ራሱ ጎንበስ ማለቱ ነው። በዊልሰን ሥዕል ላይ የሻዩ ባለቤት የለም፤ የሚያግዘው ባልንጀራም የለም። ሁለቱም አሸካሚዎች ጠፍተው ተሸካሚው ብቻ ቀርቷል።

ስለ ዊልሰን አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰብሳቢው ሰዓታቸውን እያዩ ነው፣ አይቻለሁ። ፎቶ የሚያነሣው በመስታወት ሰሌዳ ላይ፣ ከእንጨት በተሠሩ እግሮች ላይ በቆመ ትልቅ ካሜራ ነበር። ካሜራውን ተክሎ፣ ጨርቁን ራሱ ላይ ጥሎ፣ ሰሌዳውን ከትቶ እስኪጨርስ ያ ሁሉ ሻይ ጀርባቸው ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1910፣ በዚያው በሲቹዋን ተራራ ናዳ ወርዶ የዊልሰንን እግር ሰበረው። የተሰበረው እግሩ የታሰረው በካሜራው እግሮች ነው። ሦስት ቀን ያህል በሰው ትከሻ ተሸክመውት ቼንግዱ ከተማ አስገቡት። ተሸካሚ ሲያነሣ የነበረው ሰው፣ በዚያው ካሜራ እንጨት ታስሮ፣ ሸክም ሆነ። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሁሉ እያነከሰ ኖሯል። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ያ የቁልቁለቱ ሳቅ ይመጣብኛል።

አሁን ደግሞ ስለ ዕረፍት። የሻይ ተሸካሚዎቹ የቲ ቅርጽ ያለው ምርኩዝ ይይዙ ነበር። ሲደክማቸው ሸክሙን መሬት አያወርዱትም፤ ምርኩዙን ከሥሩ ደግፈው እንደ ቆሙ ያርፋሉ፣ ካወረዱት የሚያሸክም ሰው ላይገኝ ይችላላ! በኔፓል ተራራ ወደ ናምቼ ገበያ የሚወጡት ተሸካሚዎችም እንዲሁ ናቸው። በ2005 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት በታተመ ጥናት፣ ወንዶቹ የሚሸከሙት በአማካይ ከራሳቸው ክብደት ከ90 በመቶ በላይ ሆኖ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ያዩት አካሄድም በዝግታ መራመድ፣ ቶሎ ቶሎ ማረፍ፣ ቀኑን ሙሉ መቀጠል ነው። ስለዚህ ማረፍ የሥራው ማቋረጫ ሳይሆን የሥራው ግማሽ ነው። የእንጦጦዋ ሴት ገደል ስትደገፍ የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ ገደሉ ምርኩዟ ነው። ከላይ የመጣ ፈረንጅ ግን ካሜራውን የሚያወጣው ስትራመድ ነው።

ባሕር ዛፉ ራሱ የሸክም ልጅ ነው። አዲስ አበባ በ1886 ተቆርቁራ ብዙም ሳይቆይ በዙሪያዋ ያለው ዛፍ ለማገዶና ለቤት አለቀ። በ1900 ገደማ ምኒልክ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዞር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማይቱን የታደጋት ከባሕር ማዶ የመጣው ይህ ዛፍ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ዛፉ በእግሩ ወርዶ ምድጃ ውስጥ አልገባም። ከእንጦጦ እስከ ጉለሌ፣ እስከ መርካቶ ያወረደው የሴቶች ጀርባ ነው። ከዚያ ሥራ ወጥተው በማኅበር ተደራጅተው ጥጥ የሚፈትሉና የሚሸምኑ ሴቶች ዛሬ አሉ። መታወቂያቸው ግን አሁንም «የቀድሞ እንጨት ተሸካሚዎች» መሆኑ ነው፤ ያወረዱት ሸክም በስማቸው ውስጥ አለ።

አሁን ወደዚህ ወንዝ። ከሚሲሲፒ ዳር፣ ከሴንት አንቶኒ ፏፏቴ አጠገብ፣ ያ የፈረሰው ትልቅ ወፍጮ ቤት አለ፤ ዛሬ ሚል ሲቲ ሙዚየም ነው፣ ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት ጉዞ ሄደዋል። ከ1880 እስከ 1930 ድረስ ይህች ከተማ የዓለም የዱቄት መዲና ተብላለች። ይኸው ወፍጮ ቤት፣ ዋሽበርን ኤ፣ በጉልምስናው ዘመን በቀን 12 ሚሊዮን ዳቦ የሚበቃ ዱቄት ይፈጭ ነበር። ስንዴው ከፎቅ ወደ ፎቅ በማሽን ይወጣ ይወርዳል። መጨረሻው ላይ ግን ጆንያ ነው፤ ጆንያ ደግሞ ሰው ይፈልጋል። የዱቄት በርሜል መለኪያ 196 ፓውንድ ነበር፣ የግማሽ በርሜል ጆንያ 98 ፓውንድ፤ 44 ኪሎ ገደማ። እኛ ከዩኒቨርሲቲ ጎዳና ሱቆች የምንገዛው የኢዳሆ ጤፍ ከረጢት 25 ፓውንድ ነው፤ እሱንም «ወገቤን» እያልን ነው የምናስገባው።

ከዚያ በፊት፣ በሜይ 2 ቀን 1878 ምሽት፣ በዚያው ቦታ የነበረው የመጀመሪያው ወፍጮ ቤት ፈነዳ። የወፍጮው ድንጋዮች ባዶአቸውን ሲፋጩ የወጣ ፍንጣሪ የዱቄቱን ብናኝ አቀጣጠለው። ዱቄት፣ እናንተ! ቤታችን ውስጥ ስንነፋው የሚያስነጥሰን ነገር። በውስጡ የነበሩት 14 ሠራተኞች ሞቱ፣ በአጠገቡ ባሉ ወፍጮዎች ደግሞ 4። ሌክዉድ መካነ መቃብር ብትሄዱ የ18ቱ ሰዎች ሐውልት አለ፤ በዛፍና በሣር መካከል። እኔ ያየሁት በመጸው ነው። ስማቸው ተጽፏል። ሃያ ሁለት ዓመት በፎቶ ግርጌ ስም ስፈልግ የኖርኩ ሰው፣ የሠራተኞች ስም በተርታ ያገኘሁት ድንጋይ ላይ ነው።

(ሰብሳቢው፣ አምስት ደቂቃ ብቻ።)

መጋዘን። ቃል ገብተናልና በፍጥነት። እኔም ወደዚህ አገር እንደመጣሁ ስሙን የማልጠራው መጋዘን ውስጥ ሁለት ክረምት ሠርቻለሁ። ከባድ ሣጥን ላይ «ቲም ሊፍት» የሚል ወረቀት ይለጠፋል፤ ሁለት ሰዎች ሲያነሡ የሚያሳይ ሥዕልም አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ደስ አለኝ፤ ሣጥኑ ራሱ «አሸክሙኝ» ይላል ማለት ነው! ከዚያ ባልንጀራዬን ብጠራው በእጁ ያለውን መቁጠሪያ አሳየኝ። እኔን ለማገዝ የሚያጠፋት ደቂቃ ከእርሱ ትቆጠራለች። የቁልቁለቱ መንገደኛ ቢያግዝ ማንም አይቀጣውም ነበር።

ለአንድ ሰው በጥሩ ሁኔታ እንኳ ቢሆን፣ የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ጥናት ተቋም በቀመሩ ያስቀመጠው ከፍተኛ ክብደት 51 ፓውንድ ነው፣ 23 ኪሎ። 23 ኪሎ! ወደ አገር ቤት ስንሄድ የአንዱ ሻንጣችን ክብደት ነው፤ በዓሣ ሚዛን እያንጠለጠልን የምንለካው፣ በርበሬው ወጥቶ ጫማው የሚገባበት። በጁላይ 2019 በሻኮፒ የአማዞን መጋዘን ብዙዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ሠራተኞች በኩባንያው ትልቅ የሽያጭ ቀን ሥራ አቁመው ወጡ፤ ጥያቄያቸው በዋናነት ስለ ሥራው ፍጥነት ነበር። በ2023 የሚኒሶታ ሕግ አውጪዎች ትልልቅ መጋዘኖች የሚጠይቁትን ኮታ ለሠራተኛው በጽሑፍ፣ ሠራተኛው ዋና ቋንቋዬ ነው ባለው ቋንቋ እንዲሰጡ ደነገጉ። በአማርኛም መጠየቅ ይቻላል ማለት ነው፤ እዚህ ያለ ሠራተኛ ጠይቆ ያውቃል? እጅ... አንድ። ሁለት። ስለዚህ ብዙ ማለት ነበረብኝ፤ ጊዜው አልቋል።

አንድ ልመና ብቻ። ቤታችሁ ውስጥ ከአገር ቤት ያመጣችኋቸው ፎቶግራፎች አሉ። ሠርግ፣ ጥምቀት፣ የመርካቶ ሱቅ ፊት። ከኋላ ጆንያ የተሸከመ አንድ ሰው ሊኖር ይችላል፤ እናታችሁ ስሙን ታውቀው ይሆናል። ዛሬ ማታ ደውሉና ጠይቁ። ከፎቶው ጀርባ ጻፉት። በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ፣ ጠርዙ ላይ፤ በብዕር አትጻፉ፣ ቀለሙ በጊዜ ብዛት ወደ ፊት ለፊቱ ዘልቆ መልኩን ያበላሸዋል።