የልጅ አሳዳጊ እናት ሥራና የተቋረጠው ትምህርቷ
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ልጆቻቸውን ለማሳደግ ሲሉ ከትምህርት ገበታ ስለ ተነሡ እናቶችና ወደዚያው ገበታ ስለ መመለሳቸው ነው። ነገሩን ከሩቅ ከማምጣት ይልቅ ከገዛ ቤቴ ብጀምር ይሻላል ብዬ አስባለሁ።

ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሸኮ ለመንግሥት ሥራ በተመደብሁ ጊዜ ባለቤቴ የ11ኛ ክፍል ትምህርቷን አቋርጣ ተከተለችኝ። ሦስት ልጆችም ወለድን። ከዓመታት በኋላ አንድ ቅጽ ስሞላ «የባለቤት ሥራ» ከሚለው ፊት ለፊት «የላትም» ብዬ ጻፍሁ። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ትቼው ኖሮ አነበበችው። ወዲያው ምንም አልተናገረችም፤ ማታ እራት ካቀረበች በኋላ ግን «እንግዲያው ነገ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የምነሣው ለምንድን ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

እኔ ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል በቢሮዬ የምገኘው ሸሚዜ ታጥቦ፤ ቁርሴ ተሰናድቶ፤ ልጆቹም ለትምህርት ቤት ተዘጋጅተው ስለሚጠብቁኝ ነው። ወባ የያዘውን ልጅ አዝላ ጤና ጣቢያ የምትወስደው እርሷ ናት። ቡና በሚደርስበት ወራትም የጓሮውን እሸት ለቅማ፤ በአልጋ ላይ አስጥታ፤ ዝናብ ሲመጣ ሮጣ የምትሸፍነው እርሷው ናት። ልጅ ቋንቋን፤ ሰላምታን፤ ታላቁን ማክበርን የሚማረው ከአስተማሪ ፊት ከመቅረቡ አስቀድሞ ከእናቱ ዘንድ ነው።

ይህንንም ሕጉ ያውቀዋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ባልም ሆነ ሚስት በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብታቸው ነው ይላል። እንግዲህ በወር መጨረሻ በስሜ የምቀበለው ደመወዝ የእኔ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ይህን እያወቅሁ «የላትም» ብዬ መጻፌ ምን ይባላል? ገበሬው ቡና ተክሎ የመጀመሪያውን ፍሬ እስኪያይ ሦስትና አራት ዓመት ሲጠብቅ ሥራ ፈት ያለውን ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ይሁን እንጂ እናትነትን የሚያወድስ ሁሉ ለእናቶች ይቆረቆራል ማለት አይደለም። አንዳንዱ የሚያወድሳት ከቤት እንዳትወጣበት ነው። እኔም ከነዚሁ አንዱ ነበርሁ። ባለቤቴ በማታ ትምህርቴን ልቀጥል ባለችኝ ጊዜ «ልጆቹንስ ለማን ጥለሽ?» አልኋት። በዚያን ጊዜ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለውን ተረት እንደ ቀልድ የሚደጋግሙ ባልደረቦች ነበሩኝና እነርሱ ምን ይሉኛል ብዬም አፈርሁ። ይህን መናገር ደስ አያሰኝም።

የቀድሞ ማስረጃዋን ልታወጣ የሄደችበት አንድ ቢሮ ደግሞ ሦስት ጊዜ አመላለሳት። በሦስተኛው ቀን ጸሐፊው «እናት ከሆንሽ በኋላ ይህ ምን ያደርግልሻል?» አላት። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በአንዲት ቃል ስንት ደጅ እንደምንዘጋ የምናውቅ አይመስለኝም።

በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሕፃን ያዘሉ እናቶችና ፀጉራቸው የሸበተ አያቶች ጭምር ፊደል ቆጥረዋል፤ ትምህርቱም በ15 የሀገራችን ቋንቋዎች ተሰጥቷል። እናት ወደ ትምህርት አትመለስም የሚሉ ሰዎች ይህን ረስተውት ይሆናል። በእኛ አካባቢም በ1999 ዓ.ም. የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርስቲ ከተመሠረተ ወዲህ ከፍተኛ ትምህርት የምትሻ እናት ልጆቿን ትታ እስከ ጅማ ወይም እስከ አዲስ አበባ እንድትሄድ የግድ አይሆንባትም። የሚጎድላት የማታው ሁለት ሦስት ሰዓት ነው፤ ያንን ሊሰጣት የሚገባው ደግሞ መንግሥት ሳይሆን ባሏ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ወጡን አሳረርሁት፤ ትንሿ ልጄም እናቷን እየጠራች አልቅሳ ተኛች። ባለቤቴ በሒሳብ ወድቃ አንድ ዓመት ደገመች። ቀላል ነው ብዬ አላታልላችሁም። ነገር ግን መጽሐፍ ያዝ ሲሉት ይሸሽ የነበረው የ7ኛ ክፍሉ ልጃችን ከእናቱ አጠገብ በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ ጀመረ። የረሳችውን የክፍልፋይ ስሌት እርሱ ያስታውሳታል፤ እርሷም እንግሊዝኛውን ታርምለታለች።

ከእናንተ መካከል በየትምህርት ቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ መዝገብ የምትይዙ ትኖራላችሁ። ልጅ ያዘለች ሴት በመስኮታችሁ ፊት ስትቆም የጎደላትን ወረቀት ሁሉ በአንድ ቀን ንገሯት፤ ለሁለተኛ ጊዜ ለመመላለስ ልጁን የምታስይዘው ሰው ላይኖራት ይችላልና።

ባለቤቴ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ይህን ንግግር በማሰናዳበት ሳምንት ለፈተና ታጠና ስለ ነበር የጓሮውን ቡና የለቀምነው እኔና ልጆቹ ነን።