የማሳከክ ቅባት በልኩና በቦታው
(በመካነ ሰላም በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ትምህርት)



በቅርቡ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ አንዲት እናት የልጃቸውን ክንድ ገልጠው ክብ ሽፍታ አሳዩኝ። «ጎረቤት የሰጠችኝን ቅባት ብቀባው መጀመሪያ ማሳከኩ ተወው፤ ኋላ ግን ይኸው እየሰፋ ሄደ» አሉኝ። ሽፍታው ጭርት ነበር። ዛሬ ልናገር የተነሣሁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቅባቱ ሃይድሮኮርቲዞን ይባላል። ሱልዝበርገርና ዊተን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ለቆዳ እንደሚረዳ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። 1 ከመቶ የሆነው ሃይድሮኮርቲዞን ከለዘብተኞቹ የስቴሮይድ ቅባቶች አንዱ ነው፤ ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶል ግን ብርቱ ናቸውና አንድ አድርገን አንያቸው። ስሙ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ተማሪ ልጃችን ያንብብልን።

ሥራው ምንድን ነው ቢባል፣ መቅላትን፣ እብጠትንና ማሳከክን ማብረድ ነው። ጀርም ግን አይገድልም። እንዲያውም የቆዳን መከላከያ ስለሚያዳክም፣ ጭርቱ ላዩ የዳነ መስሎ ከሥር ይስፋፋል። ስለዚህ ለችፌ፣ ለነፍሳት ንክሻ፣ ሳሙና ላስቆጣው ቆዳ ይረዳል። ለጭርት፣ ለእከክና መግል ለያዘ ቁስል አይሆንም። ሌሊት ሌሊት ቤተሰቡ ሁሉ የሚያክ ከሆነ እከክን ጠርጥሩ፤ መድኃኒቱ ሌላ ነው፣ ቤተሰቡም አብሮ ይታከማል። ፊት ላይ ወጥቶ ወራት የሚቆይ ቁስል ቁንጭር ሊሆን ይችላል። ነጣ ብሎ የማያሳክክ፣ ሲነኩትም የማይሰማ ምልክት ካያችሁ ደግሞ የሥጋ ደዌ እንዳይሆን ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ መድኃኒቱ በነፃ ነው፣ ያድናልም። በደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም በዚህ ሕክምና የታወቀ ነው።

አቀባቡን ልንገራችሁ። እጅ ይታጠባል። ከአመልካች ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ የወጣ ቅባት፣ ሁለት መዳፍ ለሚያህል ቦታ ይበቃል። በስሱ፣ በቀን 1 ወይም 2 ጊዜ። በ7 ቀን ካልተሻለ አቁሞ መታየት ነው። ፊት ላይ፣ ዓይን አጠገብ፣ ብልት አካባቢና ለሕፃናት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቀባም፤ ከላይም በላስቲክ አይሸፈንም። የደጋችን ብርድና ነፋስ ቆዳን ያደርቃልና ቫዝሊን አይለያችሁ፤ በሁለቱ ቅባቶች መካከል ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ።

ፊት ለማቅላት ብለው ብርቱውን ቅባት ለወራት የሚቀቡ አሉ። ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሩ ይታያል፣ ብጉር ይወርሰዋል። ውበት ፍለጋ ሄዶ ቆዳን ማጣት ይሆናል።

የዚያች እናት ልጅ የጭርት መድኃኒት ታዞለት ድኗል። እንግዲህ ወንፊትም እሳትም እንዋዋስ፤ የቆዳ ቅባት ግን አንዋዋስ።