የሚሮጠውን መሳል



«ሐኪም ሆነሽ ሥዕል ምን ያደርግልሻል? ያውም ቆሞ የማይጠብቅሽን አውሬ!» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። እስቲ ዛሬ ልመልስላችሁ።

ባሌ፣ ሳነቲ አምባ ላይ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ሲያድን አይታችኋል? ቀስ ብሎ ይጠጋል፣ ቆም ይላል፣ ከዚያ ይወረወራል። ከእግሩ ልጀምር ካላችሁ አበቃ፤ እሱ ሄዷል። እኔ የምጀምረው ከአከርካሪው ነው፤ ከራሱ እስከ ጅራቱ አንድ መስመር። ክብደቱ የት እንዳረፈ ያ መስመር ይነግረኛል። እግሮቹ በኋላ ይመጣሉ። እዚህ ላይ አናቶሚ ያስተማሩን ይመስገኑ፦ በኋላ እግሩ ላይ ወደ ኋላ የታጠፈ ጉልበት የሚመስለን ተረከዙ ነው፤ እውነተኛው ጉልበት ከፍ ብሎ ሆዱ አጠገብ ነው።

ዕውቀት ብቻውን ግን አይበቃም። ሠዓሊያን ለረጅም ዘመን ሽምጥ የሚጋልብ ፈረስን የፊትና የኋላ እግሮቹን ዘርግቶ አየር ላይ ሲንሳፈፍ ይስሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ ካሊፎርኒያ ውስጥ በተከታታይ ያነሣቸው ፎቶዎች ሌላ ነገር አሳዩ፤ አራቱም እግሮች መሬት የሚለቁት ሆዱ ሥር ሲሰበሰቡ ነው። በ1882 በሰከንድ 12 ምስል የሚያነሣ መሣሪያ የሠራው ፈረንሳዊው ማሬም እንደኛው ሕክምና የተማረ ሰው ነበር። ፈረስን ሁሉም በየቀኑ ያየው ነበር እኮ! የሚስሉት ግን የለመዱትን ነበር።

እኛስ? ወረፋው ረጅም ነው፤ በሽተኛው ሲገባ ዓይናችን ካርዱ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት «ትከሻዬን አመመኝ» ብለው የመጡ አባት ነበሩ። ከበሩ እስከ ወንበሩ ሲራመዱ ግራ እጃቸው ይወዛወዛል፣ ቀኙ ዝም ብሏል፤ እርምጃቸውም አጭር ነው። ነገሩ የትከሻ ብቻ አልነበረም፣ ፓርኪንሰን ነበር። ይህን የትከሻ ራጅ አያሳይም። የነገሩኝ እነዚያ አራት አምስት እርምጃዎች ናቸው።

ስለዚህ መምህራኖቻችን፣ አንድ ልመና አለኝ። ተማሪዎቹን በሴሚስተር አንድ ከሰዓት በኋላ እርሳስና ወረቀት አስይዛችሁ አውጧቸው። ሳነቲ ድረስ መሄድ የለባቸውም፤ ዛፍ ላይ የሚዘል ጉሬዛም ይበቃል። ሥዕሉ ባያምር ግድ የለም፣ ማርክም አትስጡበት። የሚንቀሳቀሰውን ማየት የለመደ ተማሪ ነገ ከበሩ እስከ ወንበሩ ያለችውን አጭር መንገድ አያባክናትም።