የትምህርት ሰዓትና የገጠር ልጃገረድ



በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት ከክፍያ ነፃ አድርጓል፡፡ ይሁን እንጂ ደወሉ ሲደወል የገጠሯ ልጃገረድ ጀሪካን አዝላ ከምንጭ ገና በመመለስ ላይ ትሆናለች፤ አለዚያም ታናሽዋን ትጠብቃለች፡፡ ወላጆችዋን «ኋላ ቀር» ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ የቤቱን ሥራ ማን ይሥራላቸው?

በዚህ ረገድ ብራክ የተባለው የባንግላዴሽ የልማት ድርጅት ያደረገውን ማጤን ይገባል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1985 በ22 ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤቶች ሥራውን ሲጀምር፣ በየክፍሉ 30 ያህል የድኻ ልጆችን ተቀበለ፤ የሚበዙትም ልጃገረዶች ነበሩ፡፡ ክፍሉ ከመንደራቸው አይርቅም፤ መምህርቷም አብዛኛውን ጊዜ የዚያው መንደር ሴት ነበረች፡፡ (ሕንፃውን ያየ ሰው ትምህርት ቤት ነው ለማለት ሳያመነታ አይቀርም፡፡) ከሁሉ የሚልቀው ግን የትምህርቱ ሰዓት ከወላጆች ጋር በመመካከር መወሰኑ ነው፡፡ በቀን ሦስት ሰዓት ያህል ብቻ ይማሩ ነበር፤ አዝመራ ሲደርስም ሰዓቱ ይሸጋሸግ ነበር፡፡

በአገራችንም የአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ጣቢያዎች ይህንኑ መንገድ ሞክረዋል፡፡ መደበኛው ትምህርት ቤት ለምን ይቅርበት? ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፤ በየዓመቱ የመስከረም የሰዓት ድልድል ከመውጣቱ በፊት የየቀበሌው እናቶች ይጠየቁበት፡፡